ማሽኑን የያዘው ሰው

እንድሪያስ ስለ ማሽን የሚያውቀውን ሁሉ የወረሰው ከአያቱ ነው፤ አያቱ ደግሞ በባቡሩ ዘመን ትኬት ይቆርጡ ነበር። «ማሽን በደማችን ነው» ከማለት ግን ይህ አግዶት አያውቅም። አምቡሊ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ፋብሪካ ሲቀጥረውም ያለው ይህንኑ ነው። መጋዘን ጠባቂ አደረጉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ድሬዳዋ ያደጉት የፋብሪካው ባለቤት ማዳም ኻሊዳ ጠሩት።

«አንድ ሺህ ሜትር ሽቦ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያለ እንከን። ካወጣህ ማሽኑን ትይዛለህ። ካልሆነ ከውጭ ባለሙያ አስመጣለሁ፣ አንተም ወደ መጋዘንህ።»

ለሚስቱ ለውብነሽ የነገራት ግን እንደተሾመ አድርጎ ነበር። እሷ ደግሞ ለሰፈራቸው ለካርቲየ 3 በሙሉ ነግራለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መዳቡ በአንድ ወገን ይገባል፤ በጋለው በርሜል ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ብረት የቀለጠ ፕላስቲክ እየገፋ ያለብሰዋል፤ ቀዩ ሽቦ በውሃ ቀዝቅዞ ይጠቀለላል። በርሜሉ እንደጋለ ማሽኑን ዝም ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ፕላስቲኩ ያርራል። ይህንን እንድሪያስ ራሱ በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ በፈረንሳይኛም ጭምር።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስድስት መቶው ሜትር እንዳለፈ፣ እንደ ሁልጊዜው የጫት መኪናው ክላክስ ተሰማ።

ጥቅሉን የሚከታተለው ሙጠሊብ እጁን ጠረገ። «መጣ!»

«እኔ ዛሬ አልሄድም። አንተ አምጣልኝ።»

«ሐዲጃ ወኪል ትቀበላለች እንዴ? የምትልክልህ ቅጠሉ የረገፈውን ነው!»

እውነቱን ነው። በር ላይ የምትሸጠው ሐዲጃ ጥሩውን የጫት እስር የምታወጣው ራሱ ለመጣ ደንበኛ ብቻ ነው። እንድሪያስ ማሽኑን አየ፤ ማስታወቂያውን አየ። ማስታወቂያው ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለው።

«አምስት ደቂቃ» አለና ማሽኑን አቆመ።

ወረፋ ነበር፤ ከወረፋው ሌላ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታው ሌላ «ይሄኛው ደርቋል» «የደረቅከውስ አንተ!» መባባል አለ። እንድሪያስ ወረፋው ላይ ቆሞ ማሽኑ ለደቂቃ እንኳ መቆም እንደሌለበት ለማያውቁት አስረዳ። አርባ ደቂቃ ሄደ።

ሲመለሱ አዳራሹን የሚያስነጥስ ሽታ ሞልቶታል። ማሽኑን ሲያስነሳው ቀዩ ሽቦ ጥቁር ጥቁር እባጭ አውጥቶ መጣ፤ የሽቦውን እንከን የሚፈትሸው መሣሪያ በየሜትሩ ይጮኻል። በጩኸቱ ማዳም ኻሊዳ ደረሱ።

«መብራት ጠፍቶ ነው፣ ማዳም» አለ ሙጠሊብ ለወዳጁ ሲል።

ማዳም የእንድሪያስን ጉንጭ አዩ። በአንድ ወገን አብጧል።

«እንድሪያስ፣ መብራት ጠፍቶ ነው?»

አዎ ሊል አፉን ሲከፍት አንድ ቅጠል ጫማቸው አጠገብ ወደቀ። ከዚያ በኋላ መዋሸት ትርፉ ድካም ነው።

«አይ ማዳም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«እንግዲያው አንተው ፍታው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ያረረውን ከጠመዝማዛው ላይ በነሐስ ብሩሽ ሲፍቅ ዋለ። የማሽኑን ሆድ ዕቃ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ለማንም ምንም አላስረዳም። በሦስተኛው ቀን ማዳም መጥተው ብረቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ባለሙያው እስኪመጣ አንተ ትይዘዋለህ። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል። ከዚያ በርሜሉን አጽድተህ፣ አጥፍተህ፣ ቁልፉን ለእኔ።»

ቤቱ ሲደርስ ውብነሽ ከጎረቤቷ ከፀዳል ጋር ደጅ ተቀምጣለች።

«አለቃው መጣ!» አለች ፀዳል ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

«ኧረ ተቀመጪ። አለቃ የምሆነው እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።»

ውብነሽ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

«ዝም በል አንተ» አለችው በሹክሹክታ። «እኔ ለሰው የተናገርኩት ቀኑን ሙሉ ብዬ ነው።»