ግራው ጠፍር

ሎሪያና የሰውን አመል የምታነበው ከብስክሌቱ መሪ ላይ ፈትታ ከምታወርደው አሮጌ ጠፍር ነው። ችኩል ሰው የቆዳውን ጠርዝ ያነሣል፤ ፈሪ ሰው ፍሬኑ አጠገብ ያለችውን ስፍራ ብቻ ያጠቁራል፤ ጉረኛ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ መሪውን ከላይ ስለሚይዝ፣ የታችኛው ክፍል ዓመቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ጓንት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ይህን ንባብ ያስተማራት አባቷ ነው። አባቷ በአርኖ ወንዝ ዳር፣ ከሳንታ ክሮቼ ከተማ የቆዳ ፋብሪካዎች በአንዱ አርባ ዓመት ቆዳ ሲያለፋ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ከቤቱ ሥር የነበረውን የበቅሎ ጋጣ አጽድቶ የመሪ ጠፍር መሥራት ጀመረ። እርሱ ሲሞት ወስፌው፣ ካራውና ባለሦስት እግር በርጩማው ለእርሷ ተረፉ።

ወይን ተለቅሞ ሊያልቅ ሲል ያ ጋጣ መፈናፈኛ ያጣል። ከለቀማው በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ እሑድ፣ በኮረብታዎቹ ነጭ ኮረኮንች ላይ የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ይደረጋል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ብስክሌቱ ከአያት የተወረሰ መምሰል አለበት፤ የፍሬኑ ሽቦ ከውጭ መታየት አለበት፤ መሪው ላይ ፕላስቲክ ጠቅልሎ የመጣ ሰው ደግሞ ባይባረር እንኳ ይሣቅበታል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ሎሪያና ይመጣል።

ኔዶም እንደ ወትሮው አረንጓዴ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ እርሱ ነበር፤ ባለፈው የካቲት ግን፣ «የዚህን ከተማ ፀጉር ብቻዬን ልጨርሰው አልችልም» ብሎ ሱቁን ዘጋ። ሎሪያና በሦስት ዓመት ታንሰዋለች፤ ልጆች ሳሉ በአንድ ደጃፍ ላይ ተጫውተው ስላደጉ አንቱታ በመካከላቸው ገብቶ አያውቅም።

«አንቺ፣ በሕይወት አለሽ?» አለ ከበሩ ላይ ሆኖ።

«አንተን ሳልቀብር ወዴት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው ሳትቀብሪኝ በፊት ይሄን ጠፍሪልኝ። ያው የተለመደው፤ የፍየል፣ ስስ፣ የማር ቀለም ያለው።»

ሎሪያና ከመደርደሪያው ሁለት ጥቅል አወረደች። አንደኛው እርሱ የጠየቀው የፍየል ቆዳ ነው፤ ከመሳሳቱ የተነሣ በመንገዱ ላይ ያለችውን ጠጠር ሁሉ ለጣት ያወራል። ሁለተኛው ከላም ትከሻ የተቆረጠ፣ በዛፍ ቅርፊት ውኃ ዓመት ሙሉ ተዘፍዝፎ የለፋ፣ ወፈር ያለ ቆዳ ነው።

«ዘንድሮ ይሄን ብትሞክረውስ? ከሥሩ የበግ ሱፍ እደርብልሃለሁ። ኮረኮንቹ ክንድህን አይነዝርህም።»

«መሪ ነው አልጋ የምታነጥፊልኝ? ወፍራም ጠፍር የሽማግሌ ነው።»

«አንተ ምንድን ነህ ታዲያ?»

«እኔ የቆየሁ ወጣት ነኝ።»

በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ ለሚጋልቡ ሰዎች ወፍራም ጠፍር ከከዘራ አይለይም፤ ሎሪያናም አልተከራከረችም። ኔዶ ሊወጣ በሩን ከያዘ በኋላ ግን፣ ትዝ እንዳለው ሰው ዘወር ብሎ፣ «ደግሞ ዘንድሮ ፖሙ ይቅር። ጊዜ የለኝም፤ እንዲሁ አድርቂው» አለ።

ሎሪያና እጇ ላይ ያለውን ቆዳ አስቀመጠች። ጠፍሯን የምትጠቀልለው ለብ ባለ ውኃ ነክራ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ገና ሳይደርቅ ባለቤቱ ይጠራል። ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዙትን ሁለት ጫፎች አጥብቆ ይጨብጣል። ለምን ያህል ጊዜ ቢሉ፣ ሎሪያና አንድ ፖም በልታ እስክትጨርስ ነው። አባቷ የእጅ ሰዓት ስላልነበረው ያወጣው ልክ ነበር። የጣቶቹ አሻራ ቆዳው ላይ ጉድጓድ ሆኖ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያ መሪ ለሌላ ሰው እጅ አይመችም። ኔዶ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ፖሙን አንድ ጊዜም አስቀርቶ አያውቅም። «ላም ሆንሽ እንዴ፣ ቶሎ ዋጪው እንጂ!» እያለ ይጨቀጭቃት ነበር እንጂ።

ጡረታ የወጣ ሰው ምን ጊዜ ያጣል ብላ ልትጠይቀው ስትል ሄዷል።

ከሰዓት በኋላ አሮጌውን ጠፍር ፈታችው። ሦስት ዓመት የተያዘበት ነው። የቀኙ እንደምታውቀው ነበር፤ አራት የጣት ጉድጓዶች ከነአውራ ጣቱ፣ ከላብና ከጊዜ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራሉ። የግራው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጉድጓዶቹ በቦታቸው አሉ፤ ውስጣቸው ግን ደብዝዟል። ከሥር፣ ጣት ሲታሽበት መኖር ያለበት ቦታ፣ ስስ ሻጋታ ጥርሱን አብቅሏል። ሰው የሚነካው ቆዳ አይሻግትም። ከላይ፣ የመዳፍ ሥር የሚያርፍበት ቦታ ብቻ አዲስ ወዝ ይዟል። በቀደሙት ዓመታት የጨበጠ እጅ፣ በመጨረሻው ዓመት መሪው ላይ ተጋድሞ ከርሟል።

ሎሪያና ሁለቱን ጠፍሮች ጎን ለጎን በገበታው ላይ ዘርግታ ጥቂት ተመለከተቻቸው። ከዚያ ብስክሌቱን አዙራ የፍሬኑን ሽቦ በጣቷ ተከተለችው። የግራው መያዣ የሚስበው የፊተኛውን ጎማ ፍሬን ነው፤ ቁልቁለት ላይ ከሁሉ በላይ የሚገታው ደግሞ እርሱ ነው።

በማግስቱ ሰቲሚዮ የራሱን ብስክሌት ሊወስድ መጣ። ሰቲሚዮ ፖስታ ሲያድል የኖረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በጉዞው ላይ ዘወትር የሚወርደው ከኔዶ ጎማ በስተኋላ ነው። ከየካቲት ጀምሮ አሳድጎት የነበረውን ጢም ተላጭቷል።

«ምነው፣ ጢምህን ማን ሰረቀህ?»

«ሚስቴ ናት። ለጉዞው ፎቶ ሰው ምሰል አለችኝ።»

«ይሄስ ከጆሮህ ሥር ያለው?»

ሰቲሚዮ እጁን ወደ ጠባሳው ወስዶ መለሰው። «የጽጌረዳ እሾህ ነው።»

ሰቲሚዮ የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው ላይ የሚበቅለው ተክል አንድ ማሰሮ በሶብላ ብቻ ነው። ደግሞም እሾህ እንዲህ በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል ጠባሳ አይተውም። ሎሪያና ይህን ለራሷ ያዘች።

«ኔዶ እንዴት ነው ዘንድሮ? ሲጋልብ ማለቴ ነው።»

«ደኅና ነው።»

«በጸደይ ወራት ቦይ ውስጥ ሊገባ ነበር የሚባለውስ?»

«ውሻ ገብቶበት ነው።»

«ውሻውን አየኸው?»

ሰቲሚዮ የብስክሌቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነፋሱን መረመረ። «እኔ የማየው የእሱን የኋላ ጎማ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ውሻ አላየሁም።»

ረቡዕ ጠዋት ሎሪያና የፍየሉን ቆዳ ነክራ፣ ኔዶ እንዳዘዘው ሁለቱንም ቀንዶች ጠፈረች። ከታች ጫፍ ጀምራ ወደ ላይ፣ አንዱን ዙር በሌላው ግማሽ ላይ እየደረበች፣ ጋላቢው እጁን ወደ ውጭ ሲያዞር እንዳይላላ የቀኙን ወደ ቀኝ የግራውን ወደ ግራ እየሳበች ጨረሰች። ከዚያ በጎረቤት በኩል መልእክት ላከች፦ ፖም ካልተበላ ብስክሌት የለም።

ኔዶ ተቆጥቶ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አባትሽ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም!»

«አባቴ ጥርስ አልነበረውም፤ ፖሙ ሲያልቅ ይመሽብህ ነበር። ያዝ።»

ያዘ። ሎሪያና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ከሁሉ ትልቁን ፖም መረጠች፤ በቀሚሷ ወልውላ ገመጠችው። ኔዶ ብዙ አወራ። ስለ ወይኑ፣ ስለ አዲሱ ቄስ፣ ሱቁን ስለተከራየችው ጥፍር ቀቢ አወራ። እርሷ ታኝካለች። ፖሙ እምብርቱ ሲቀር፣ «በቃ» አለችው።

እጆቹን አነሣ። በቀኙ ቀንድ ላይ አምስቱ ጣቶች ከነመስመራቸው ቁጭ ብለዋል። የግራው ገና የተላጨ ጉንጭ ይመስል ለስላሳ ነበር። ሁለቱም ያንን ቆዳ አዩት።

«ከጥር ጀምሮ ነው» አለ ኔዶ። «ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ ተኙ። አሁን ሌሎቹም እነሱን እያዩ ሰነፉ።»

«ሐኪምህስ?»

«ለጉዞው የጤና ወረቀት ሲጽፍልኝ ልቤን አዳምጦ የጎረምሳ ልብ ነው አለኝ። እጄን አልጨበጠኝም።»

«ሰቲሚዮስ?»

ኔዶ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ስላጨው ጉንጩን በግራዬ ወጥሬ ይዤ ነበር፤ አመለጠኝ። ምላጩ ግን መንገዱን ቀጠለ። ደሙን በፎጣ ጠርጎ፣ ‹ስለታም ነው› ብቻ አለኝ። በማግስቱ ሱቁን ዘጋሁ።»

«የግራው ፍሬን የፊቱን ጎማ ነው የሚይዘው።»

«አውቃለሁ።»

«ከኋላህ ያ ሰውዬ አለ፤ ደግሞ የሚያየው ጎማህን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ! ሱቁን ዘጋሁ፤ ይሄንንም ከዘጋሁ ምን ይቀረኛል? በመስኮት ቆሜ የሰው ፀጉር ልቁጠር?»

ሎሪያና የፖሙን እምብርት ወደ ደጅ ወረወረች። «እንዳትጋልብ አላልኩህም። የወፍራሙን ቆዳ ከሱፍ ጋር እጠቀልልልሃለሁ፤ ለደከመ እጅ ወፍራም ነገር ይጨበጣል፣ ቀጭን ነገር ግን ያመልጣል። የፍሬኑን ሽቦ አቀያይረዋለሁ፤ የፊተኛው በቀኝህ ይሆናል። ለሰቲሚዮ እውነቱን ትነግረዋለህ፤ ቁልቁለቱንም ከእሱ ኋላ ትወርዳለህ።»

«ከኋላ?»

«ከኋላ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ መሪው!»

«ሠላሳ ዓመት ጀርባህን ያየ ሰው ትንሽ ቢያርፍ ምን አለበት? ቆዳው ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ዓርብ ጠዋት ካልመጣህ እሑድ አይደርስልህም።»

ኔዶ ወጣ። ብስክሌቱን ግን አልወሰደም።

ሎሪያና የፍየሉን ጠፍር ፈትታ፣ ሽቦዎቹን አቀያይራ፣ ሱፉን በቀጭኑ አልብሳ ቆየችው። ሐሙስ ማንም አልመጣም። ዓርብ ጠዋት የላሙን ቆዳ ውኃ ውስጥ ጨመረችው፤ ባይመጣ ለሌላ ሰው ይሆናል። ጠፍራ ልትጨርስ ስትል ከደጅ የሁለት ሰዎች ክርክር ተሰማ።

«ቅደም ይለኛል!» አለ ሰቲሚዮ ገና ሳይገባ፤ በዕድሜው እንዲህ ጮኾ አያውቅም። «ሎሪያና፣ ፍረጂን። እኔ ያንን ቁልቁለት አላውቀውም። ሠላሳ ዓመት ያየሁት የዚህን ሰውዬ ጎማ ነው!»

«ከኋላ ሆኜ እነግርሃለሁ አልኩህ» አለ ኔዶ።

«አንተ እየነገርከኝ ልሙት?»

«ሰባ ዓመት ኖረሃል፤ አሁን ማን ተቀጨ ይልሃል?»

«እሾሁን ነገረህ?» አለች ሎሪያና ሰቲሚዮን።

«የቱን እሾህ?» አለና ጆሮው ድረስ ቀላ። «አዎ። ነገረኝ። ለነገሩ እኔም እዚያው ነበርኩ።»

ኔዶ ሳይጠራ ወደ ብስክሌቱ ሄዶ ጎንበስ አለ። ወፍራሙን እርጥብ ቆዳ በቀኙ ጨበጠ፤ ግራውን በሌላው እጁ ጣት በጣት አስተካክሎ አስያዘው፣ ከዚያ ቀኙን ወደ ቦታው መለሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ሎሪያና ከፖሞቹ ቅርጫት ትንሽ ፖም አነሣች።

«እሱን አይደለም» አለ ኔዶ ቀና ሳይል። «ትልቁን። ቀስ ብለሽ ብዪ።»

ቀስ ብላ በላች። እጁን ሲያነሣ ግራው ላይ የሦስት ጣቶች ጉድጓድ ነበር፤ ጥልቀት የለውም፤ የሁለቱ ትንንሾች ቦታ እንደ ሜዳ ነው። ሰቲሚዮ ጎንበስ ብሎ መሬቱን እንደሚመረምር ገበሬ አየውና፣ «ሦስት አለው» አለ።

እሑድ ሎሪያና ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የባቄላ ወጥና ዳቦ ከሚታደልበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ነበር። ፈጣኖቹ በነጭ አቧራ ተለውሰው አለፉ፤ መካከለኞቹ አለፉ፤ የሱፍ ሹራብ የለበሱ ሁለት አሮጊቶችም እየተሣሣቁ አለፉ። ከዚያ ብስክሌት ከመታየቱ በፊት ድምፅ መጣ።

«ግራ! ግራ አልኩህ! አሁን ልቀቀው! አንተ የፖስታ በቅሎ፣ ድንጋዩን እያየኸው!»

ሰቲሚዮ በመጠምዘዣው ብቅ አለ፤ ፊቱ ነጭ ነው፤ አቧራው ይሁን ፍርሃቱ ከሩቅ አይለይም። ከኋላው፣ የሁለት ብስክሌት ያህል ርቀት ጠብቆ፣ ኔዶ እየጮኸ ወረደ። ሎሪያና የወጥ ጭልፋውን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለት። እርሱ እጁን አላነሣም።

«ሰላም ማለትም ተረሳ?» ብላ ጮኸች።

«ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው!» ብሎ መለሰላት፤ አልፎም ሄደ።