አሥራ ሁለት አንጓ

...እና ሦስተኛው አንቀጽ የለም፣ ትናንት ነበር፣ በገዛ እጇ ጽፋው ነበር፣ ዛሬ በታይፕ ተመትቶ ሲመለስ ሁለተኛው ያልቅና አራተኛው ይቀጥላል፣ ፈንታነሽ ወረቀቱን ገልብጣ ታያለች፣ ጀርባው ላይ የምታገኘው ይመስል፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ ማኅተሙ ብቻ ዘልቆ ይታያል። ጋሽ መርሻን የሚያህል ሰው! አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ጸሎት የምትባል አንዲት ቃል እንኳ ላይኖርበት ነው።

ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨርሰዋል፣ ሳጥኑ ዛፉ ሥር ተቀምጧል፣ የኢየሱስ ግቢ በሰው ጢም ብሏል፣ ከፋርጣ የመጣ አለ፣ ከጋይንት የመጣ አለ፣ ግማሹ ሀ ሁን ከርሳቸው የቆጠረ ነው። አሁን ይጠሯታል። ባለቤታቸው እትዬ ጌጤ ጠዋት እጇን ይዘው ምን አሏት፣ ልጄ፣ ፍትሐቱስ ለሁሉም ይፈታል፣ የርሳቸውን ጸሎት የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ፣ ሳይነገርላቸው አፈር አይልበሱብኝ፣ አሏት። እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል።

ካሳሁን ከበሩ ውጭ ቆሟል፣ ካኪውን ለብሶ፣ ካድሬ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ ካልገባህ ታዲያ ምን ልትሰማ መጣህ፣ እሱን ማን ይጠይቀው። ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይኗን አላየም። ያለውን ብቻ ታነቢያለሽ። ጸሎቱን ለምን አወጣኸው ካሳሁን፣ ሰውየው እኮ ያለ ጸሎት ምን ነበሩ። ጓድ ካሳሁን በይ። እሺ፣ ጓድ ካሳሁን። አንዲት ቃል ብትጨምሪ አስተማሪነቱን እርሺው፣ እኔም አላድንሽም። አላድንሽም ይላል ደግሞ፣ አንድ ወንበር ላይ አብራው ያደገች፣ ንፍጡን በእጅጌው ሲጠርግ የምታውቀው! ግን እውነቱን ነው፣ ያደርገዋል፣ እሱ ባያደርገው ከሱ በላይ ያለው ያደርገዋል፣ የልጆቿ አባት ዘምቶ አልተመለሰም፣ ቤቱ የቆመው በሷ ደመወዝ ነው፣ ሁለት ሕፃናት። ፈሪ አትበሏት፣ ትፈራለች።

አስተማሪነቱንስ ማን ሰጣት። ጋፋት፣ የአባቷ ገብስ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ማማ ላይ ሆና በወንጭፍ ወፍ ትጠብቃለች፣ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሁለት ሳምንቷ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መርሻ ከነከረባታቸው በእግራቸው ከች። ውረጂ፣ ደብተሩ ይኸው፣ ያመለጠሽን ገልብጪ፣ ወፉን እኔ እጠብቃለሁ። ወንጭፍ የት ያውቃሉ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ የራሳቸውን ባርኔጣ ጣለው፣ ከዚያ በኋላ ተዉት፣ ማማው ላይ ቆመው ጸሎታቸውን ጮክ ብለው ያደርሱ ጀመር። አባቷ ከደቦ ሲመለስ ማሳው በወፍ ተሞልቷል። አንቱ መምህር፣ ወፉ ጸሎትዎን ወደደው መሰለኝ፣ አንዱም አልሄደ። እንግዲያው በየቅዳሜው እመጣለሁ። ኧረ በማርያም! ልጅቱን ይውሰዷት፣ ገብሴን ይተዉልኝ። ፈንታነሽ አሁን እዚህ፣ ሬሳ ፊት፣ ሳቋ ሊያመልጣት ነው፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትከታለች።

ጡረታ ወጥተውም መች አረፉ፣ ጣራ ገዳም ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኙትን ሕፃን ሁሉ ስሙን በዱላቸው አፈር ላይ ሲያስጽፉ ነው የሚመሽባቸው።

እና ያቺ ጣት። ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ይቆማሉ፣ ልጆቹ ከኋላ፣ አቡነ ዘበሰማያት በጋራ ይባልና ጸጥታ ይሆናል፣ ጋሽ መርሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በአውራ ጣታቸው የአራቱን ጣቶች አንጓ ይቆጥራሉ፣ በአንድ አንጓ አንድ እግዚኦ፣ አሥራ ሁለት አንጓ፣ አሥራ ሁለት እግዚኦ፣ ልጁም እያየ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደርሳቸው ይቆጥራል። ሲጨርሱ ይዞራሉ። ሁልጊዜ ያልጨረሰ አንድ ልጅ አለ፣ ካሳሁን፣ መሐል ላይ ይጠፋበትና ከትንሿ ጣት እንደገና ይጀምራል፣ ሌላው ይስቃል፣ እግሩን ይቀያይራል፣ ጋሽ መርሻ ግን፣ ቆዩ፣ ካሳሁን ይጨርስ፣ ይላሉ። አንድም ቀን እሱ ሳይጨርስ ተቀመጡ ብለው አያውቁም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ በክፍል ውስጥ መጸለይ ቀረ። በየስብሰባው ግን ለተሰዉት የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ይደረጋል፣ ጋሽ መርሻ ያቺን ደቂቃ አገኟት። ልጆች ተነሡ፣ የሕሊና ጸሎት፣ ፊት ወደ ምሥራቅ፣ እጅ ወደ ኋላ፣ በየጠዋቱ፣ ማን ምን ይበላቸው! ፈንታነሽ ያኔ አስተማሪ ሆና ከጎን ክፍል ነበረች፣ በመስኮት አይታቸው ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ካሳሁንም ሊቆጣጠር መጥቶ፣ ማስታወሻ ይዞ ከኋላ ቆሞ ነበር፣ ጣቲቱን አይቷት ይሁን አላያት እስከ ዛሬ አታውቅም። ምንም አልጻፈም።

ፈንታነሽ፣ ነይ አንብቢ።

ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ታነባለች። ጓድ መርሻ ገብረየሱስ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወልደው፣ ጓድ ሲባሉ እትዬ ጌጤ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ሰፊውን ሕዝብ ከመሃይምነት ለማላቀቅ ያለ እረፍት የታገሉ፣ ይሄም ውሸት አይደለም፣ ታግለዋል፣ ግን እንዲህ ነው እንዴ የሚባለው፣ ሁለተኛው አንቀጽ እያለቀ ነው፣ አለቀ፣ ከሥሩ አንድ ጣት የምታህል ነጭ ቦታ አለች። እዚህ ጋ ነበር። እትዬ ጌጤ ቀና ብለው ያዩዋታል። ካሳሁን ከበሩ ያያታል። ልጆቿ፣ ደመወዟ፣ ገብሱ፣ ወፉ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ፣ ምን ያደርጉ እንደነበርማ ታውቀዋለች፣ በመስኮት አይታዋለች።

የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት፣ ትላለች።

ይሄ ይፈቀዳል፣ ካሳሁን ራሱ በየስብሰባው ይለዋል። ከዚያ ጀርባዋን ለሕዝቡ ትሰጣለች፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ፣ እጇን ወደ ኋላ፣ አውራ ጣቷ ትንሿ ጣት ላይ፣ አንድ። ከኋላዋ የልብስ ኮሽታ ትሰማለች፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ዝም። ሁለት። ሦስት። ስድስት። አሥራ ሁለት።

ትዞራለች። የሰዉ እጅ ሁሉ ደረቱ ላይ ነው፣ የገበሬው፣ የአስተማሪው፣ የነጋዴዋ፣ የፖሊሱ፣ ጣቱ ሁሉ አንጓ ላይ፣ እትዬ ጌጤ የሰዉን እጅ እያዩ ያለቅሳሉ፣ ይኸው ተነገረላቸው።

እና ከበሩ ውጭ ካሳሁን፣ ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ይዟል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አውራ ጣቱ መሐል ላይ ትቆማለች፣ ትጠፋበታለች፣ ወደ ትንሿ ጣት ትመለሳለች።

ሰዉ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ አንብቢ እንጂ የሚል ድምፅ ከጎን ይሰማል፣ አራተኛው አንቀጽ ይጠብቃል፣ ፈንታነሽ ወረቀቱን ዝቅ ታደርጋለች፣ ቆዩ፣ ካሳሁን ይጨርስ።