ያልቀላው ጉንጭ

«ልጁ እኮ አልተነሣም!» አሉ አባ አልቪዘ ሸራው ፊት ቆመው። «ቅዱሱ ከቦይ አውጥቶ ነፍስ ዘራበት ነው ታሪኩ። ይሄ ሬሳ ነው።»

ሠዓሊው ዛካሪያ የተቀበረው ገና ሰሞኑን ነው። የቬኒስ ጎረቤቶች ጥቁር ለብሰው፣ የሾርባ ድስት ይዘው ይገባሉ ይወጣሉ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ቄስ ግን ዓይናቸው ሟቹ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጀምሮት ካልጨረሰው ሥዕል አልነቀል አለ። እንደ ዘመኑ ወግ ምንም አልጎደለበትም፤ ሮዝ ደመና አለ፣ ጉንጫም መላእክት አሉ፣ ሐር የለበሱ ወይዛዝርት አሉ። መሐል ላይ ብቻ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ሕፃን ተጋድሟል።

«መደቡ ነው አባ» አለች ኦርሶላ፣ ከሟቹ አባቷ ጋር ስትሥል ያደገችው ልጅ። «ገላን መጀመሪያ እንዲህ ነው የምንቀባው። ቀዩ ሲደረብበት ሕይወት ያገኛል።»

«እንግዲያው ደርቢበት! ለቅዱሱ በዓል ካልደረሰ ሌላ ሠዓሊ በላዩ ይቀባበታል።»

«ማንም እንዳይነካው!» አለች እናቷ ማሪና ከተቀመጠችበት ጥግ።

«ባሏን አኩርፋ ኖራ ኖራ፣ ዛሬ ለሥዕሉ ተቆረቆረች» ብላ አንሾካሾከች ጎረቤታቸው ካቴ።

ያኔ ትንሹ ልጃቸው ሞሞሎ ሰጥሞ ሬሳው ከቦዩ የወጣ ቀን ዛካሪያ አላለቀሰም። ከሰሉን አንሥቶ የልጁን ፊት መንደፍ ጀመረ። «አንተ አረመኔ! ልጄን ለሥራህ?» ብላ ጮኸችበት ማሪና፤ ከዚያ ወዲያ አብረው ማዕድ አልቀረቡም።

እንግዶቹ ሲወጡ ኦርሶላ እናቷ አጠገብ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ አባዬ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ይነክርና ጉንጩ ጋ ሲደርስ ያቆም ነበር። ‹የሌላ ሰው ልጅ ነው የሚነሣው፣ የኔው መቼ ተነሣ?› እያለ ብሩሹን ይጥለው ነበር። እኔም ካልጨረስኩት የሞሞሎን ፊት ያጠፉብናል። ሌላ ፊት የለንም።»

ማሪና ቀና ብላ ሥዕሉን አየች። አንድ ቀን እንኳ ባሏን ለምን እንደሣለው አልጠየቀችውም ነበር።

«ግራ ጉንጩ ነበር ይበልጥ የሚቀላው» አለች በመጨረሻ። «ሲሮጥ።»

ኦርሶላ ግራውን ጉንጭ አቀላችው። ሕፃኑ ነቃ፤ እንደ ሞሞሎ ሊስቅ የደረሰ መሰለ። ማሪና ተነሥታ ትኩሳት እንደምትለካ እናት ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳረፈች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ኦርሶላ መጥረጊያ ጨርቅ ብታቀብላት አልተቀበለችም፤ የቀላውን ጣቷን ጨብጣ ወደ ጥጓ ተመለሰች።