ሸጊቱ ከነአግዳሚዋ

ልጅ መምታት በመመሪያ ከተከለከለ ወዲህ፣ መምህር ደምለው ሰማንያ ተማሪ ዝም የሚያሰኝበት ነገር አጥቶ ነበር። ከደባርቅ በላይ ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ናት፤ ክፍሏ ጠባብ፣ ልጁ በአንድ አግዳሚ አምስት ስድስት ሆኖ የሚጋፋባት። ቢለምን አይሰሙት፣ ቢቆጣ ይስቁበታል። ወደ ዳባት ልዛወር ቢል የሚተካህ ሰው የለም ይሉታል።

አንድ ቀን ምርር ሲለው፣ "ከእንግዲህ ያወራ በሚካኤል ግዝት ነው!" አለ።

ወይ ጉድ፣ ክፍሉ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ጭጭ አለ። ከዚያማ ነገሩ ጣፈጠው። እርሳስ ለነጠቀ ግዝት፣ ለተጋፋም ግዝት። የነጋዴው ልጅ ነሲባ ብቻ፣ "ጋሼ፣ እኔኮ ሙስሊም ነኝ፣ አይዘኝም" እያለች ታወራለች።

ሸጊቱ ደግሞ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ናት። ሐሙስ ከሰዓት መስኮት ለመስኮት ስትል፣ "ሸጊቱ፣ ከዚህ አግዳሚ ብትነሺ በሚካኤል ግዝት ነው" አላት። ተቀመጠች። ደወሉ ተደወለ፣ ልጁ ግር ብሎ ወጣ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

"በይ ሂጂ እንጂ፣ ልዘጋው ነው።"

"ገዝተውኛልኮ፣ ጋሼ።"

"ፈታሁሽ በቃ። ተነሺ።"

"እርስዎ ቄስ ነዎት እንዴ?"

ሊስቅ ቃጣውና ፊቷን አየ። አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

"እናቴ አራስ ናት፣ ጋሼ። ብነሳ ሕፃኑ ላይ ይደርሳል።"

አባበላት፣ ለመናት፣ አልሆነም። ዘበኛው አሻግሬ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ፣ "ቄስ ገብረ ክርስቶስ ናቸው የሚፈቷት። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ይዟቸው ከቤት አይወጡም" አለ።

"እሷ ከአግዳሚው አትነሳ!"

"እንግዲያ አግዳሚውም ይሂዳ።"

ፊትና ኋላ ሆነው ከነአግዳሚዋ ተሸከሟት። መንገደኛው ሁሉ ታማ መሰለው። "እግዜር ይማራት" ይላል፤ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሰዎችም ሸክማቸውን አውርደው፣ በሽተኛ እንደሚታገዘው፣ ትከሻቸውን አስገቡ። ደምለው እውነቱን ለመናገር አፉ ተሳሰረበት።

"ምን ነክቷት ነው?" አለ አንደኛው።

"ምንም አልነካት፤ መምህሩ ገዝተዋት ነው" አለ አሻግሬ።

ማንም አልሳቀም። ማንም ደግሞ ሸክሙን አልለቀቀም። እስከ ቄሱ ደጅ ድረስ አንድም ሰው ቃል ሳይተነፍስ ሄዱ። ያ ዝምታ ለደምለው ከስድብ ከፋበት።

ቄሱ መስቀላቸውን በግንባሯ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት። እግሯ ደንዝዞ ትንሽ አነከሰች፤ ወዲያው ወደ እናቷ ሮጠች።

"ልጄ፣ ሚካኤልን ዘበኛ አደረግኸው?" አሉት ቄሱ።

"ምን ላድርግ አባቴ? አርጩሜውን አስጣሉኝ፣ ልጆቹ ብዙ፣ እኔ ብቻዬን።"

ቄሱ አዘኑለት። አዝነውም አልማሩትም። "ዳግመኛ ልጅ ብትገዝት፣ አንተው የተገዘትህ ሁን" አሉት።

ዓርብ ጠዋት ወሬው ቀድሞት ገብቷል። ጫጫታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደርሷል። ግዝት ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከቄሱ ደጅ የተመለሰችውን ያቺን አግዳሚ ግን አንድም ልጅ አልጠጋ ብሏታል፤ ልጁ መሬት ላይ ተዛዝሎ እሷ ባዶዋን ተገትራለች።

"ኑ ተቀመጡ፣ ምንም የለባትም" አለ። ማንም አልመጣም። በቃ ያዩት ብሎ ራሱ ሄዶ ተቀመጠባት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ነሲባ እንኳ ዝም አለች። መነሳት ይችል እንደሆነ ሁሉም አፍጥጠው ይጠብቁታል።

ሊነሳ ሲል ወዲያ ጥግ አንዱ መንሾካሾክ ጀመረ። ቁጭ አለ፤ ጸጥ አሉ። ሰሌዳው ሩቅ ነው፤ ጠመኔው እጁ ላይ ነው። ትምህርቱን ከዚያው ሆኖ በቃሉ ጀመረላቸው። ወገቡ ቢዝልበትም እስኪደወል ድረስ አልተነሳም።