ቤዝቦል ሜዳ ላይ የወጣችው ጀልባ

ሬዲዮው «ደካማ ወጀብ ነው» ሲል የመንደራችን ወንዶች እንደ ልማዳቸው ጀልባዎቻቸውን ወደ ወንዙ አስገብተው ከዛፍ ጋር አሰሩ። የባሕር ንፋስ ሲመጣ አያቶቻችንም የሚሸሸጉት እዚያው ነበር። ከዚያ ወደ ዶሚኖ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ታላቅ እህቴ ኔሬይዳ ግን አሻፈረኝ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታበላው ዓሣ በምታጠምድባት በዚያች አንዲት ጀልባ ነው።

«ንፋሱ ደካማ ነው ማለት ዝናቡም ደካማ ነው ማለት ነው እንዴ? ይሄ ቀርፋፋ ወጀብ ተራራው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያለቅሰው። ወንዙ ያንን ሁሉ ይዞብን ይመጣል። ነይ ግፊ!»

ገፋሁ። በኮኮናት ግንድ ላይ እያንከባለልን፣ ወገቤ እስኪቆረጥ፣ እየተራገምኩ፣ ሽቅብ እስከ ቤዝቦል ሜዳው ድረስ ገፋን።

የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ዶን ፍሎሪሞን ከዶሚኖው ቀና ብሎ ሳቀብን። «አበልጄ! ይሄ ንፋስ እኮ ቀሚስሽንም አያነሳም! ጀልባዋን ለቤዝቦል ቡድኑ አስመዘገብሻት?»

«ካንተ የተሻለ ትሮጣለች፤» አለችው ዞር ሳትል።

በማግስቱ እውነትም ንፋስ የሚባል አልነበረም። ዝናቡ ግን ተራራው ላይ ሲወርድ አድሮ፣ ረፋዱ ላይ ወንዙ ጭቃና ግንድ ተሸክሞ መጣ። ገመዱን ሁሉ እየበጠሰ ጀልባዎቹን ወደ ባሕር ጠረጋቸው። የራሱን ጀልባ ሊያድን ዘሎ የገባው ዶን ፍሎሪሞንም አብሯት ሄደ። ከዳር ሆነን ስናይ በተገለበጠችው ጀልባው ላይ ተለጥፏል።

ሚስቱ ጮኸች። ወንዶቹ ተያዩና ወደ ሜዳው ሮጡ። ትናንት የሳቁት ሁሉ የእህቴን ጀልባ በትከሻቸው አንስተው እኛን ግማሽ ቀን የፈጀብንን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ወረዱት። እንዲህ ጉልበት ነበራችሁ ለካ!

ኔሬይዳ ሞተሩን አስነሳች፤ እኔም ዘልዬ ገባሁ። በግንዶቹ መሀል እየተጠማዘዘች አደረሰችኝና ሰውየውን በአንገትጌው ይዤ ጎተትኩት።

«አበልጄ...» አለ እያሳለ።

«መጀመሪያ ተንፍስ፤ ወሬው ይደርሳል፤» አለችው።

ስንመለስ ሕዝቡ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእልልታና በጭብጨባ ተቀበለን። ኔሬይዳን በትከሻቸው ተሸከሟት። በእህቴ ኮርቼ አለቀስኩ።

ከወራት በኋላ፣ ወንዶቹ ባሕሩ ዳር ላይ የተፋላቸውን ጀልባ ጠጋግነው ሲያበቁ፣ ሬዲዮው ከዚያኛውም የደከመ ሌላ ወጀብ ተናገረ። የኔሬይዳ በር ሲንኳኳ ከፈትኩ። ዶን ፍሎሪሞን የኮኮናት ግንድ ተሸክሞ ቆሟል፤ ከኋላው መንደሩ በሙሉ።

«ደካማ ነው እኮ አሉ፤» አልኩት ላሾፍበት።

«እንኳን ወጀብ፣ ካፊያ ነው ቢሉኝም እገፋለሁ። አበልጄን ጥሪያት፤ የሷ ጀልባ ናት የምትቀድመው።»