ከሆዱ ሥር ያለው ቁጥር

ሁለቱ ጠመንጃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሃምሳ አለቃ ኦይታ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና የአንደኛውን አፈሙዝ ወደ መስኮቱ ብርሃን መለስ አድርጎ አነበበ፤ 141884። የሌላኛውንም አነበበ፤ 141884። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ደገመው። ብረት እንደ ምስክር አይደለም፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ቃሉን አይለውጥም።

«የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው አይደል?» አለ ኢንስፔክተር ታዴዎስ፣ ዳሩ የተበላውን አሮጌ መዝገብ ወደ እሱ እየገፋ።

ነው። ማንም አይቶ አይስተውም። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ አንድ ፊደል እንኳ ከመስመሩ ያልወረደ ጽሑፍ። ኦይታ በሥራ ዘመኑ በዚህ ጽሑፉ ይኮራ ነበር፤ ዛሬም ይኮራል። ጡረታ ከወጣ አሥራ አራት ዓመት ቢያልፈውም፣ በሚኖርበት በአርባ ምንጭ ሴቻ ሠፈር የባጃጅ ሞተር ቁጥር የደበዘዘበት፣ የውኃ ቆጣሪው አልነበብ ያለው ሰው ሁሉ በሩን ያንኳኳል። «ሃምሳ አለቃ ካነበበው አለቀ» ይባላል በሠፈሩ። እሱም ይህን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ደስ ይለዋል።

ነገሩ የመጣው ከገረሴ ነው። ጌታነህ የሚባል ገበሬ የሟች አባቱን የሣር ቤት አፍርሶ በቆርቆሮ ሊሠራ ሲነሳ፣ ከቀርከሃው ግድግዳ መሐል በቆዳ የተጠቀለለ ጠመንጃ እግሩ ሥር ወደቀ። ከምላጩ በታች ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ስበው የሚያጎርሱት የድሮ የአሜሪካ ሥራ ነው። ጌታነህ ክው አለ። ምክንያቱም ይኸው ጠመንጃ በራሱ ቤት ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። አባቱ በ1978 ዓ.ም. ተሰረቅሁ ብሎ ያመለከተው፣ በዓመቱ ካምባ ላይ ከአንድ ሰው እጅ ተይዞ የተመለሰለት ጠመንጃ ነው። ሌባ የተባለው ሰው ሦስት ዓመት ታስሮበታል። ጌታነህ ራሱ በአባቱ ቀብር ላይ ወደ ሰማይ የተኮሰው በእሱ ነበር።

የግድግዳውን ጠመንጃ ማን እንደ ደበቀው የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም፤ ከወንድማማች ጠብ ጋር ይያያዛል የሚሉ አሉ። ጌታነህ ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና ነገሩን አዳፍኖ ማደር አልቻለም። ሁለቱንም በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣ አዲሱ የጦር መሣሪያ ምዝገባ ወደሚካሄድበት ወደ አርባ ምንጭ ይዟቸው ወረደ። መዝገቡ ሲገለጥ ቁጥሩ አንድ፣ ጠመንጃው ሁለት ሆነ። መዝገቡን የጻፈው ሰው ይጠራ ተባለ።

ኦይታ ጠዋት ሲመጣ ልቡ ንጹሕ ነበር። ባጃጅ ላይ ሆኖ እንኳ መልሱን አዘጋጅቶ ጨርሷል። አንደኛው ቁጥር በኋላ የተመታ ነው፤ ሌባ ያልታሰበ ነገር አያጣም፤ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው። ይህንኑ በተረጋጋ ድምፅ ተናገረ። ታዴዎስ እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጠውም። ከዚያ ሁለቱንም ጠመንጃዎች ቀስ ብሎ በጀርባቸው አጋደማቸው።

«እዚህ ጋ ይመልከቱ ሃምሳ አለቃ።»

ከሆዳቸው ሥር፣ እንጨቱ ከብረቱ በሚጋጠምበት ቦታ፣ ብዙ እጅ ያለሰለሳቸው ትንንሽ አኃዞች አሉ። የአንዱ ከሌላው አይገናኝም። ታዴዎስ በሥልጠና ላይ የተማረውን አስረዳ። እንዲህ ባሉት ጠመንጃዎች ላይ መለያ ቁጥሩ የሚመታው ከታች ነው። አፈሙዙ ላይ ያለው ግን ፋብሪካው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 1884። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ብዙው ያንኑ ቀን ተሸክሞ ይዞራል። እንግሊዝኛውን ዘሎ አኃዞቹን ብቻ የለቀመ ሰው ቀኑን ቁጥር ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ሲናገር ታዴዎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ በኮሪደሩ ጠመንጃ ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳይሰሙት።

«ያን ጊዜ ይህን ማንም አያውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ።

ኦይታን ሊያሳርፈው የሚገባው ይህ ቃል ነበር። አላሳረፈውም፤ ያውቅ የነበረ ሰው ነበራ።

ጉግሳ ይባላል፣ ሌባ ተብሎ የታሰረው የካምባ ገበሬ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በአርባ ዓመቱ ቁጥር ተማረ። ተምሮ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ያነበበው መጽሐፍ አልነበረም፤ ከቤቱ ውስጥ ቁጥር ያለበት ዕቃ ጠመንጃው ብቻ ነውና እሱን አገላብጦ አነበበ። በተያዘ ዕለት፣ በጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ እጁ በገመድ እንደ ታሰረ ኦይታን በጋሞኛ ለመነው።

«አዙረው። ከሆዱ ሥር ሌላ ቁጥር አለ። የእኔ እሱ ነው።»

ኦይታ ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አለቃው አጠገቡ ቆሟል፣ የገበያ ሰው አጥሩን ከብቦ ያያል። ትናንት አሥር መቁጠር የጀመረ ገበሬ የመዝገብ ሥራ ሊያስተምረው ነው። «ያ የፋብሪካ ሠራተኞች ምልክት ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰ። ቃሉ ከአፉ የወጣው ቀድሞ አስቦት ሳይሆን እንደ መጣለት ነው። ፍርድ ቤትም ቀርቦ ያንኑ ደገመ፤ ዳኛውም ቃል በቃል ጻፉት።

ያላዞረው ሰውዬው ይዋሻል ብሎ አልነበረም። ቢያዞረውና ቁጥር ቢያገኝስ? በየደጋው በእግሩ ዞሮ የሞላው ያ ሁሉ ገጽ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ነው። በሌላ ዓይነት ጠመንጃዎች ላይ ቁጥሩ ከላይ ስለ ነበር ሥራው እምብዛም ስሕተት አልነበረበትም፤ እሱ ግን ያን ዕለት ይህን አላወቀም። የፈራው ሥራው እንዳይነካበት ነው። ይህን ዛሬ በወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያስበው አፈረ፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያፍራል ብሎ ባላሰበው ዓይነት ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

ታዴዎስ አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ኖሯል። «በወቅቱ በነበረ የመዝገብ አያያዝ ክፍተት ምክንያት» ይላል፤ ንብረቱ ለሟች ጉግሳ ወራሽ እንዲመለስ፣ መዝገቡም እንዲታረም ይላል። ክፍተት የቢሮ ሰው የሚወዳት ቃል ናት፤ ማንም ሳይገፋው ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ ይገባባታል። ከግርጌው የቀድሞው መዝጋቢ የሚፈርምበት መስመር አለ። ስም የለውም፣ ማዕረግ ብቻ።

ኦይታ ብዕሩን ተቀበለ። ቢናገር የሚሆነውን ያውቀዋል። ጌታነህ ከደጅ ተቀምጧል፣ ኮሪደሩ ከየወረዳው በመጣ ሰው ሞልቷል፤ ወሬው ከምሳ በፊት ሴቻ ይደርሳል። ሃምሳ አለቃ ካነበበው አለቀ የሚሉት ሰዎች ከነገ ጀምሮ ያንኑ እየሳቁ ይሉታል። ባይናገር ደግሞ ጠመንጃው ይመለሳል፣ ደብዳቤው ይነበባል፣ እሱም ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላል። ፈረመ። ፊርማው እንደ ወትሮው አምሮ ወጣ።

ወራሿ ተጠራች። ሻሺቱ ትባላለች፣ የጉግሳ የመጀመሪያ ልጅ፣ አርባ ሰባት ዓመቷ፣ ካምባ ገበያ እህል ትነግዳለች። ትናንት የተሳፈረችበት አይሱዙ ያለበሳት አቧራ ከጫማዋ ገና አልለቀቀም። ወደ ጠመንጃዎቹ አልተመለከተችም። በተሰጣት ወንበር ላይ ጫፉን ብቻ ይዛ ተቀመጠች፣ ደብዳቤው ሲነበብም እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ኢንስፔክተሩ አማርኛውን ሲጨርስ ፍሬ ነገሩን በጋሞኛ ደገመላት፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩ ሁሉ በጋሞኛ ሆነ።

ጠመንጃውን ከመቀበሏ በፊት የምትለው ነበራት። የመንገድ ሁኔታ የምትናገር ያህል ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። አባቷ ከእስር ሲመለስ ዱቡሻ ላይ፣ የአገሩ ሽማግሌ ተቀምጦ በሚመክርበት ሜዳ፣ ተነስቶ እንዳይናገር ተከለከለ። ሌባ በዚያ ቦታ አፉን አይከፍትም። እሱ ግን መሄዱን አልተወም። ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ሄዶ ከዳር፣ ከሣሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ከዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በፊት እስከ ሞተበት ሳምንት ድረስ እንደዚያ ተቀምጧል። አንድም ቀን ተናገር ያለው የለም። ለታናሽ ወንድሟ የታጨችው ልጅም በዚሁ ሰበብ ለሌላ ተዳረች።

ከዚያ ደብዳቤውን በጣቷ ነካች።

«ይህ ክፍተት የምትሉት፣ ስም የለውም?»

ታዴዎስ ጉሮሮውን ጠራረገ። ነገሩ የቆየ መሆኑን፣ በጊዜው የነበሩት ሠራተኞች ግማሾቹ በሞት፣ ግማሾቹ በጡረታ መለየታቸውን ነገራት። ሲናገር ወደ ኦይታ ዞር አላለም። አንድ ሽማግሌ ከመሥሪያ ቤቱ ተዋርዶ እንዳይወጣ የሚጨነቅ፣ በደንብ ያደገ ልጅ ነው። ሻሺቱም ጥግ ላይ የተቀመጠውን ኦይታን ልብ አላለችውም፤ ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ መስሏታል። ኦይታ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ፣ እጅ ነስቶ ቢወጣ የሚያስቀረው አልነበረም። በሩም ገርበብ ብሏል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሻሺቱ ዞረች።

«ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አባትሽ አዙረው ብሎኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። አላዞርኩትም።»

ኢንስፔክተሩ በእጁ የያዘውን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከኮሪደሩ ይሰማ የነበረው ወሬ ቀነሰ፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰምተዋል ማለት ነው። ኦይታ ይቅርታ ሊል አሰበና ቃሉን በአፉ ውስጥ ሲያላምጠው አነሰበት፤ ተወው። ስድብ ይጠብቅ ነበር። ብትሰድበው ወይም ብታለቅስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ሻሺቱ ግን አየችው። ፊቱን፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ በኪሱ ላይ የተሰካውን ብዕር አየች።

ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ ቁጥር መጥራት ጀመረች።

«ሁለት። ስድስት። ሦስት።»

በእያንዳንዱ ቁጥር መሐል ትንሽ ታርፋለች። ታዴዎስ መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባውም። ሲገባው ከሁለቱ ጠመንጃዎች አንዱን አነሳና ገለበጠው፤ ጣቱን ከሆዱ ሥር አሳርፎ ከእሷ ኋላ ኋላ ተከተለ።

«ዘጠኝ። ሰባት። አምስት።»

ታዴዎስ ጣቱን ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን እሱን ጠይቃ አይደለም፤ ትክክል መሆኑን ከማንም መስማት አላስፈለጋትም። «ቅዳሜ ቅዳሜ እስር ቤት ስንቅ ስናመጣለት በአጥሩ በኩል በጣቱ እየቆጠረ አስጠናን» አለች። እሱ ቢሞት ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እንዳይጠፋ። እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፣ ትምህርት ቤት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጻፈው» አለችው ኦይታን።

ታዴዎስ ቅጹን የምትሞላው ጸሐፊዋ መሆኗን ሊናገር ጀመረና ተወው። ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አውጥቶ በሽማግሌው ፊት ዘረጋ። ኦይታ ወንበሩን ሳበ። የመጀመሪያው ሁለት ተዛነፈበት፣ ዘጠኙ ከመስመሩ ወረደ። አላስተካከለውም። ስድስቱንም አኃዝ ጽፎ ጨረሰ፣ መልሶም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፤ ሻሺቱም ልክ ነው አለች።

ቀጥሎ ያለው ሣጥን የባለንብረቱን ሙሉ ስም ይጠይቃል።

«የአባቴን ጻፍ።»

ታዴዎስ በሞተ ሰው ስም መሣሪያ እንደማይመዘገብ፣ ሕጉ የሚፈቅደው የራሷን ስም እንደ ሆነ በትሕትና አስረዳት። ይህ ወረቀት ዋጋ እንደማይኖረው፣ ዞሮ ዞሮ ሌላ ቅጽ መሙላት እንደማይቀርላት ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። የምታየው ኦይታን ነበር። ኦይታም ብዕሩን ከወረቀቱ አላነሳም።

ጉግሳ ብሎ ጻፈ። የአባቱን ስም ካሱ ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ አስከተለ። ሻሺቱ የአያትየውን ስም ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ቀድሞ ጽፎት ነበር።