ስትሩዋን ያበላሸው ሳህን

ሐሙስ ጠዋት ከባሕሩ የገባው ጉም የስኮትላንዷን ደንዲን ሸፍኖ የቴይ ወንዝን ድልድይ ውጦት ነበር። እኔ ግን ጉም የማይበት ጊዜ አልነበረኝም። ባልደረባዬ ስትሩዋን ያመጣልኝን የሙከራችንን ምስል ወደ መብራቱ አስጠግቼ ስመለከት ደሜ ፈላ።

“ይኼ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ውጤት ነዋ።”

“ውጤት? መድኃኒት የሰጠናቸው ሴሎች ውስጥ ፕሮቲኑ እንዳለ ተቀምጧል። ምንም ያልሰጠናቸው ውስጥ ደግሞ ጠፍቷል! ይኼን ነው ውጤት የምትለኝ?”

“እኔ ያየሁትን ነው ያመጣሁት፣ ኤፊ። በምስሉ ላይ አትጩሂበት፣ አይሰማም።”

ስትሩዋን እንዲህ ነው። ሃምሳ ዓመቱን ያለፈ፣ ሁለት ልጆች የዳረ ዶክተር ነው፤ ቤት ቢቃጠል ቀልድ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር ከውስጤ ተሟጦ አልቆ ነበር። በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት አለቃችን ሞይራ ፕሮጀክቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ልትወስን ነው፤ እጃችን ላይ ያለው የመጨረሻ ማስረጃ ይኸው የተበላሸ የሙከራ ሳህን ነበር።

ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ኢሽቤልም ትሄዳለች። ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ኢሽቤል ኬሚስታችን ናት፤ ሞለኪውሉን ከባዶ ተነስታ የሠራችው እሷ ናት። የሕፃናትን ነርቭ የሚይዝ አንድ ክፉ ዕጢ አለ፤ ዕጢውን የሚያሳድገው ፕሮቲን ደግሞ ለመድኃኒት የማይመች ነው። ሌላ መድኃኒት ፕሮቲኑ ላይ ያለ ቀዳዳ ፈልጎ እዚያ ይሰነቀርና ሥራ ያስፈታዋል። ይኼኛው ግን መያዣ የሚሆን ቀዳዳ የለውም፤ ለስላሳ ነው፤ በጎኑ ብትይዘው እንኳ ሥራውን አይተውም። ስለዚህ ኢሽቤል ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል ሠራች። በአንዱ እጁ ፕሮቲኑን ይይዛል፤ በሌላው ደግሞ በሴሉ ውስጥ ‘ይኼ ይጣል’ እያለ ምልክት የሚለጥፈውን ሠራተኛ ጎትቶ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ሴሉ ራሱ ፕሮቲኑን ቆራርጦ ይጥለዋል፤ ሞለኪውሉም ነፃ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

በወረቀት ላይ ያምር ነበር። ሳህን ላይ ግን ብንሞክር፣ ደግመን ብንሞክር፣ ፕሮቲኑ ንቅንቅ አላለም። ኢሽቤልም እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ካለ የሳሙና ፋብሪካ ሥራ አገኘች፤ እስከ ዓርብ ማታ መልስ ስጪን ብለዋታል። የሻይ ኩባያዋን ከመስቀያው አውርዳ በጋዜጣ ስትጠቀልል አይቻት እንዳላየ ሆኜ አልፌያለሁ።

“እሺ፣ ንገረኝ፣” አልኩት ስትሩዋንን። “ባዶውን ጉድጓድ ምን አደረግኸው?”

ጆሮውን አከከ። ሳህናችን ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ሴሎቹ የሚያድጉት እዚያ ውስጥ ነው። መድኃኒቱን በመምጠጫ እየጨመርን፣ በየጉድጓዱ ጫፉን እየቀየርን፣ ከብዙ ጀምረን እያቀጠንን፣ እያቀጠንን እንሄዳለን፤ የመጨረሻው ጉድጓድ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ብቻ ነው የሚያገኘው።

“የመምጠጫውን ጫፍ አልቀየርኩም መሰለኝ፣” አለ።

“መሰለኝ?”

“አልቀየርኩም። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። በቃ፣ ሕጉን አውቃለሁ፤ ሳህን ያበላሸ ዓርብ ለሁሉም ብራይዲ ይገዛል። ሽንኩርት ያለበት ነው የምትፈልጊው የሌለበት?” ብራይዲ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር የአገራችን ምግብ ነው።

“ብራይዲህን እዚያው! አንተ ሰውዬ፣ የኢሽቤል ሕይወት እኮ ነው! መድኃኒት የነካ ጫፍ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ትከታለህ? ጫፉ ላይ የቀረችው እርጥበት እንኳ ብትሆን፣ ይኼን ታህል ብትሆን፣ ፕሮቲኑን...”

ምስሉን እንደገና ወደ መብራቱ አስጠጋሁት።

“ፕሮቲኑን ምን?” አለ ስትሩዋን።

“ታጠፋዋለች፣” አልኩ ቀስ ብዬ። “ግን እኮ መድኃኒቱ አይሠራም ብለናል። የማይሠራ መድኃኒት ከሆነ፣ ርዝራዡ እንዴት አጠፋው?”

ስትሩዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ምስሉን ከእጄ ነጠቀኝ። በሁሉም ጉድጓድ ውስጥ እኩል መኖር ያለበት ሌላኛው ፕሮቲን፣ ምስክር የምንለው፣ ባዶው ጉድጓድም ውስጥ አለ። ሴሎቹ አልሞቱም፤ ስትሩዋንም ናሙና መጨመር አልረሳም። የጠፋው የእኛ ጠላት ብቻ ነው።

ኢሽቤልን ጎትቼ አመጣኋት። ስነግራት ፊቷ አልተፈታም።

“ኤፊ፣ በእናትሽ፣ አሁን ተስፋ አትስጪኝ። ልቤ ቆርጦልኛል፣ ልሂድበት።”

“መጀመሪያ እይው፣ ከዚያ ትሄጃለሽ።”

አየችው። ጣቷን ከባዶው ጉድጓድ ወደ ሌሎቹ አሻግራ፣ “ሞለኪውሎቹ በዝተው ነው፣” አለች።

እዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለዚህም ነው የሚያናድደው። ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል ደላላ ማለት ነው። ደላላ ሲበዛ አንዱ ሻጩን፣ ሌላው ገዢውን ይዞ ይቆምና ሁለቱ ሳይገናኙ ይመሻል። ይኼን ፈርተን ነው ሁልጊዜ እያቀጠንን የምንሞክረው። ግን እስከ ምን ድረስ ማቅጠን እንዳለብን ያስተማሩን ከዚህ በፊት የሞከርናቸው ደካማ ሞለኪውሎች ነበሩ። ከዚያ በታች ወርዶ የሚሠራ ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ውድቀት እንዲህ ለምዶብን ነበር። ኢሽቤል የሠራችው ከጠበቅነው በላይ በርትቶ ኖሮ፣ ትንሽ ነው ያልነው ሁሉ ለእሱ ጎርፍ ሆኖበት ኖሯል።

ያኔውኑ አዲስ ሳህን አነሳን። ስትሩዋን ከድሮው የመጨረሻ ጠብታ ጀምሮ ወደ ታች ማቅጠን ጀመረ፤ በየጉድጓዱ ጫፍ እየቀየረ። እኔ ትከሻው ላይ ቆሜያለሁ።

“እንደ አማት አትቁሚብኝ።”

“ቀየርክ?”

“ቀይሬያለሁ፣ እመቤቴ።”

“አሁንስ?”

“ኤፊ!”

ዓርብ ጠዋት ጉሙ ተገፍፎ ነበር። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ሦስታችንም ተደራርበን ቆመናል። ባዶው ጉድጓድ፦ ፕሮቲኑ አለ፣ ጥቁር መስመር ሆኖ። የድሮው ጠብታ፦ አለ። ከእሱ በታች ሳሳ። ከዚያ በታች የለም። ከዚያም በታች የለም። ምስክሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ቆሟል።

ኢሽቤል ወንበር ሳትፈልግ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች። እኔም የላቦራቶሪ ካባዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ የማላፍርበት ልቅሶ ነው።

ሞይራ ከሰዓት ወደ እኛ እስክትመጣ መጠበቅ አቅቶን ቢሮዋ ድረስ ሄድን። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ምስሉን አየች። ሞይራ ሰው ታመሰግን ዘንድ አልተፈጠረችም።

“የማን ሐሳብ ነው እዚህ ድረስ መውረድ?” አለች።

ስትሩዋን ጣሪያውን ተመለከተ። “የቸልተኝነት፣” አልኳት።

“በሉ ደጋግማችሁ አሳዩኝ። የምዘጋው ነገር የለም።”

በምሳ ሰዓት ስትሩዋን አንድ ካርቶን ትኩስ ብራይዲ ተሸክሞ ገባ፣ እያጉረመረመ። “መድኃኒት ያገኘ ሰው ይቀጣል እንዴ?”

“ሳህኑ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም?” አለችው ኢሽቤል። ኩባያዋን ከጋዜጣው ፈትታ መስቀያው ላይ መልሳ ሰቀለች፤ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ብራይዲዎቹን ደረደረችበት። ከዚያ ስልኳን አንስታ ሊድስ ደወለች።

እንደማትመጣ ስትነግረው የፋብሪካው ሰውዬ ደንግጦ መሰለኝ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እስከ እኛ ተሰማ። “ምን ቢሰጡሽ ነው የቀረሽው?”

“ምንም አልሰጡኝም፣” አለች፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። “የሠራሁት ነገር ሠራልኝ።”

ስትሩዋን ሽንኩርት ያለበትን ብራይዲ አቀበላት።